ሁለት ጠርሙስ ውሃ

ሀሲና ጠርሙሱን በሲባጎ አስራ በቢርካው አፍ ቁልቁል ስትለቀው፣ ከኋላዋ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች። ክው አለች፤ ሲባጎውን ግን አልለቀቀችም። የቤቱ ባለቤት ማርያን የጠዋቱን የዱሃ ሶላቷን ጨርሳ፣ መስገጃዋን በክንዷ እንዳንጠለጠለች ቆማ ታያታለች።

"ምን ልትቀጂ ነው ልጄ?"

"ለካውያው ነው ኤዶ። መጋረጃ ስተኩስ የምረጨው ውሃ ሱቅ ውስጥ የለንም።"

"ታዲያ በዚች ጠርሙስ ምን ያታግልሻል? ባልዲው እዚያ አለልሽ።"

ማርያን ይህን ብላ የቢርካውን የቆርቆሮ ክዳን ቀና አድርጋ ያዘችላት። ሀሲና ጠርሙሱን ሞልታ አወጣች፣ አመሰገነች፣ አንገቱ ላይም ቀይ ክር አሰረችበት። ውሸቱ እንዲህ ሳያንቃት መውጣቱ ራሷን ገረማት። "ኤዶ" ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሀሲና ሰባት ዓመት ሙሉ ማርያንን በዚህ ስም ስትጠራ ከልቧ ነበር። ከሳምንት ወዲህ ግን ቃሉን የምትጠራው ከአንገቷ በላይ ነው።

ቢርካው ግቢው መሃል መሬት ውስጥ የተቆፈረ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ውሃው ለልብስና ለዕቃ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ይህን ማርያን ራሷ ናት ሀሲና ከነባሏ ቤቱን የተከራየች ዕለት ያስጠነቀቀቻት። የመጠጡን ውሃ ሰፈሩ ሁሉ የሚገዛው በአህያ ጋሪ ላይ በርሜል ጭኖ ከሚዞረው ከአዋሌ ነበር። እንግዲህ የሀሲና ልጆች ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው ውሃ ወይ የአዋሌ ነው፣ ወይ የማርያን ቢርካ። ከሁለቱ አንዱ ሌባ ነው ብላ ደምድማለች፤ የቀራት ስሙን ማወቅ ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጁምዓ ነው። ሰባት ዓመት የሆናት ልጇ ዊዳድ የወተት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቿ አዲስ ሆነው ወጥተው ነበር። ሀሲና ልታደንቅላት አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ፀሐይ ቀና አደረገችው። ጥርሶቹ ላይ አግድም አግድም ጠመኔ የሚመስል ነጭ መስመር ተጋድሟል።

ሀሲና ይህን ነጭ ታውቀዋለች። የተወለደችው ከሀላባ ወጣ ባለች መንደር ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ጠጥታ ነው ያደገችው። በዚያ መንደር የልጅ ጥርስ መጀመሪያ እንዲህ ነጭ ነጭ ይላል፣ ከዓመት ዓመት ይወይባል፣ በመጨረሻ የሻይ ቅጠል መልክ ይይዛል። ሀሲና የራሷን ጥርስ በአመድ ፈትጋዋለች፣ በሎሚ ፈትጋዋለች፣ ድዷ እስኪደማ በመፋቂያ ፍቃዋለች፤ አልለቀቀም። ከተማ ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪው በክፍሉ ፊት አፏን ትታጠብ እንደሆነ ጠየቃት። ከባሏ ከጀማሉዲን በፊት ለሌላ ሰው ልታጫት የመጣች ሴትዮ ደግሞ፣ ጓዳ ውስጥ ሀሲና እየሰማቻት፣ "መልኳስ ደህና ነው፤ ብቻ አትሳቅ" አለች። ይህችን አነጋገር ሀሲና እስከ ዛሬ አልረሳቻትም፤ እስክትሞትም አትረሳትም። በኋላ አንድ የጤና ሠራተኛ ነገሩ እድፍ እንዳልሆነ፣ ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በዝቶ በልጅነት ጥርሱን እንደሚያበላሸው ነገራት። ዊዳድን አርግዛ ከባሏ ጋር ሀርጌሳ የገባች ዕለት፣ "የኔ ልጅ ይህን ውሃ አትቀምሰውም" ብላ አላህን አመስግና ነበር።

እና አሁን ይኸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሀሲና ነጩን መስመር ባየችበት ቅጽበት ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ ብቻ ነበር የታያት። ቅዳሜ ዕለት ዊዳድን ይዛ ዋሄን ገበያ ወደሚገኘው የጥርስ ሐኪም ወደ ጉሌድ ሮጠች። ጉሌድ የልጅቷን ጥርስ አይቶ፣ ፍሎራይድ በልጅነቷ በዝቶባት እንደሚመስለው ነገራትና ሌላ ልጅ እንዳላት ጠየቃት። ሁለት ዓመት የሆነው ሙሰዓብ አለ አለችው። "እንግዲያስ ለሱ ነው መፍጠን ያለብን" አላት፤ "የዊዳድ የፊት ጥርስ አንዴ ወጥቷል። የሱ ቋሚ ጥርሶች ግን አሁን ድድ ውስጥ እየተሠሩ ነው።" ከሚጠጡት ውሃ ሁሉ በጠርሙስ በጠርሙስ ቀድታ እንድታመጣለት አዘዛት።

ሐኪሙ ጠርሙስ አዘዘ፤ የቀረውን ያዘዘችው ጥርጣሬዋ ናት። ሀሲና በየማለዳው ወደ ሥራ ስትሄድ ልጆቹ የሚውሉት ማርያን ዘንድ ነው። ማርያን ሀርጌሳ በቦምብ በፈረሰችበት ጦርነት ጊዜ ተሰዳ ድሬዳዋ አሥር ዓመት ኖራ አማርኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ስትመለስ የቤቷ ጣሪያ የለም፤ ሁለት ክፍል ብቻ አስጠግና አንዱን ለነሀሲና አከራየች፣ የተቀሩት ግድግዳዎች እስከ ዛሬ ሰማይ እያዩ ቆመዋል። ለልጆቹ ጥበቃ ምንም አትቀበልም። "ስደት ላይ እኔንም ሰው ጠብቆኛል" ትላለች። ድሮ ሀሲናን የሚያስለቅሳት ይህ ደግነት አሁን ያሳስባት ጀመር። በነፃ የሚጠብቅ ሰው ምን እያጠጣ እንደሚጠብቅ ማን ያውቃል? ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ስለዚህ እሑድ ማለዳ፣ የልጆቹን የመጠጥ ውሃ የያዘው ቢጫ ጀሪካን ላይ፣ ውሃው በደረሰበት ልክ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ቀጭን መስመር አሰመረች። ማታ ስትመለስ ውሃው መስመሩ ላይ ነው። ሰኞም መስመሩ ላይ። ማክሰኞም። ሁለት ልጆች በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ውለው ውሃው አንዲት ጣት አልጎደለም። ታዲያ ልጆቿ ምን ጠጥተው ዋሉ? ለዚህ ጥያቄ ከቢርካው ሌላ መልስ አላገኘችለትም።

የቢርካውን ጠርሙስ ቀድታ ብዙም ሳትቆይ፣ የአዋሌ ጋሪ ሲቃረብ የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው በር በር ላይ ወጡ። አዋሌ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከአህያው ጋር የሚያወራ፣ ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ ሰው ነው። ሀሲና ሁለተኛዋን ጠርሙስ ከበርሜሉ ቱቦ ስር ደቀነች። አዋሌ ለምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ለምርመራ ነው አለችው። ሳቅ ብሎ ውሃው ምን አሞት እንደሚመረመር ጠየቀ። ሀሲና አልሳቀችም። የገበያ ሶማሊኛዋን አሰባስባ ዛሬ ከየት እንደቀዳ ጠየቀችው።

"ሁልጊዜ ከምቀዳበት።"

"ከሩቁ ጉድጓድ ነው ወይስ ከቅርቡ?"

"ወላሂ አንድ ቦታ ነው የምቀዳው። ልጆቼም ይህንኑ ነው የሚጠጡት። ምን ሆነሻል?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሀሲና ግን ስድስት ቀን የታመቀው ነገር ገነፈለባት። በቋንቋው መከራከር ሲያቅታት ልጇን ከበሩ ስባ አወጣችና፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ጥርሷን አሳየች። "ይኸው! ይህ የማን ሥራ ነው?" አለች። ዊዳድ እንባዋ መጣ። ከሴቶቹ ቀድማ ቀርባ አጎንብሳ ያየችው ሻምሶ ነበረች፤ ሻምሶ ከማዕዘኑ ቤት የምትኖር፣ ለሰፈሩ ከሬዲዮ ቀድማ ወሬ የምታደርስ ሴት ናት። አየችና ከንፈሯን መጠጠች፤ ከዚያ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ሳትቀዳ ወደ ቤቷ ገባች። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ተከተሏት። አዋሌ ቱቦውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ አህያውን መታ አድርጎ ሄደ።

ሀሲና እስከ ዋሄን ድረስ መንገዱን ሁሉ በእግሯ እየሮጠች ሄደች ማለት ይቻላል። ጠርሙሶቹን፣ ባለቀይ ክሩን የማርያንን፣ ባለነጭ ክሩን የአዋሌን፣ ለጉሌድ አስረከበች። ጉሌድ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር የሚሠራና የውሃ መመርመሪያ ሣጥን ያለው ወዳጅ አለው፤ ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ግድም ውጤቱን ንገረኝ ብሎ ላከለት። እሷ ደግሞ ከገበያው ገንዘብ መንዛሪዎች ጀርባ ወዳለው የመጋረጃ ሱቅ ገብታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

በዚያ ዓመት ሀርጌሳ ውስጥ መጋረጃ ሰፊ ሥራ አይፈታም። ድንጋይ ቤት በየቀኑ ይሠራል፣ ለድንጋይ ቤቱ መስኮት ይወጣለታል፣ መስኮቱ ደግሞ ራቁቱን አይቀመጥም። ያን ቀን ግን ሀሲና አንዱን መጋረጃ በግልባጩ ሰፋችው፤ ፈትታ ደግማ ስትሰፋው ደግሞ አጠበበችው። እኩለ ቀን ላይ ጀማሉዲን ደወለ። አያሃ ሠፈር አዲስ ቤት ሲለስን ነበር የሚውለው፤ የጠዋቱ ወሬ በምን እግሩ እዚያ እንደደረሰ አላህ ይወቀው። ሰውየውን በአደባባይ ማዋረዷን አልወደደውም። ማርያንንም ከጠረጠረች ቁጭ ብላ እንድትጠይቃት፣ ጠርሙስ ይዛ እንዳትዞር ለመናት። ሀሲና የጠየቁት ሌባ ሁሉ እንደማያምን ነገረችውና ስልኩን ዘጋች። 31 ሜይ በሚባለው ሠፈር የሚከራይ ክፍል እንዳለ ከሰማች ሁለት ቀኗ ነው። ውጤቱ እንደወጣ ልጆቿን ይዛ ከዚያ ግቢ ትወጣለች። በልቧ ማርያንን ስትሰድባት ዋለች፤ የድሮው ደግነቷ ትዝ ሲላት ደግሞ ስድቡን እያባሰችው።

ዐስር ተሰግዶ ስትደርስ ጉሌድ ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቃታል። ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጉሌድ ድሬዳዋ አድጎ አዲስ አበባ የተማረ ሰው ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ሰው ሁሉ እርስዎ ማለትን አያውቅበትም።

"ቁጭ በይ ሀሲና። ሁለቱም ንጹሕ ነው።"

"እንዴት ንጹሕ?"

"የቢርካው የዝናብ ውሃ ነው፤ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ለሌላ ነገር አፍልቶ መጠጣት ይሻላል እንጂ በጥርስ አይታማም። የአዋሌው ደግሞ በሊትር ከግማሽ ሚሊግራም አያልፍም። የሚያሠጋው ከአንድ ተኩል ሲበልጥ ነው።"

ሀሲና ጠርሙሶቹን አንስታ ክሮቹን አየች። ቋጠሮው የራሷ ነው። ቢሆንም መርማሪው ማን እንደሆነ፣ የማርያን ዘመድ እንዳይሆን፣ ውሃው ሳይለዋወጥ እንዳልቀረ በተራ በተራ ጠየቀች። የአገር ልጅ ለአገር ልጅ ያደላል፤ ስደተኛ ምን አፍ አለው ብላ ነበር ስትጠይቅ። ጉሌድ አልተቆጣም። ሁሉንም መልሶላት ሲያበቃ እሱ በተራው ጠየቀ።

"ልጆቹ ጥርሳቸውን ያጥባሉ?"

ፊቷ በራ። በዚህስ ማንም አይቀድማትም።

"በቀን ሦስት ጊዜ፣ ዶክተር። ሙሰዓብንማ የመጀመሪያዋ ጥርሱ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ ነው። እንደኔ እንዳይሆኑ ብዬ ከዱባይ የሚመጣውን ውዱን የልጆች ሳሙና ነው የምገዛላቸው።"

"ማሻአላህ። ምን ያህል ታደርጊላቸዋለሽ?"

ሌባ ጣቷን ዘርግታ እስከ ሁለተኛው አንጓ አሳየችው።

"ሲጨርሱስ ይተፉታል?"

"ውሃ በጀሪካን እየተገዛ? ለመጉመጥመጫ የሚደፋ ውሃ የት አለን? ይውጡታል። መድኃኒት አይደለም እንዴ? ደግሞ እንጆሪ እንጆሪ ስለሚል ይወዱታል፤ ሙሰዓብ ካላስላስኩት አይተኛም።"

ጉሌድ መሳቢያውን ስቦ፣ የሚስቅ ልጅና እንጆሪ የተሣለበት የጥርስ ሳሙና አወጣ። ይህን ይመስላል ወይ ሲላት ራሱ ነው አለችው። ጀርባውን ገልብጦ ደቃቋን ጽሕፈት በጥፍሩ እየተከተለ በአማርኛ አነበበላት። ፍሎራይድ አለው። ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጥቂት ብቻ፣ ትልቅ ሰው እያየ። እንዳይዋጥ።

"ፍሎራይድ ይሄም ውስጥ አለ?" አለች ሀሲና። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

"አለ። ጥርስ ላይ ሲቀባ ያጠነክራል፤ ለዚህ ነው የሚጨመረው። ችግሩ ሲዋጥ ነው። በየቀኑ የሚውጥ ሕፃን ድዱ ውስጥ ያለው ጥርስ ነጭ ነጭ እያለ ያድጋል። ዊዳድ በልጅነቷ የዋጠችው ነው ዛሬ የወጣው።"

"ዊዳድ እንግዲህ እንደኔ ልትሆን ነው።"

"አትሆንም። የሷ ቀላል ነው፤ እኔ ሐኪሙ እንኳ ብርሃን ላይ ነው ያየሁት። ጥርሷ ጠንካራ ነው። ሙሰዓብ ደግሞ ገና ነው፤ ዛሬ ካስተካከልሽው ዛሬ ይጠቀማል።"

"ልጣለው?"

"አትጣይው፤ ያኔ ደግሞ ጥርሳቸው ይበላል። በቀን ሁለቴ ይበቃል። ለሙሰዓብ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ለዊዳድ የአተር ፍሬ ታህል። አንቺው ራስሽ ያዢው፣ ይትፉ፣ ሳሙናው እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። በቃ።"

በቃ አላት እሱ። ሀሲና ግን ደረጃውን ወርዳ ከአንድ የጨርቅ ሻጭ ደጃፍ ተቀመጠች። አፈረች። ማፈር ብቻም አይደለም፤ ገዛ እጇን ጠላችው። የሸሸችውን ነገር አገር አቋርጣ፣ ከሁሉ የተወደደውን ገዝታ፣ ለልጆቿ በጣቷ ስታልስ ኖራለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ለሷ የተተረተ መሰላት። ደግነቱ ይህን ከጉሌድ በቀር የሚያውቅ የለም። ማታ ሳሙናውን ትቀንሳለች፣ ልጆቿን መትፋት ታስተምራለች፤ ለጠየቃት ሁሉ ሐኪሙ ቀላል ነው ብሏል ትላለች። አዋሌም ቢሆን ሰፈር ሞልቷል፣ ሌላ ቦታ ይሸጣል። እንዲህ እንዲህ እያለች ራሷን ስታጽናና ነበር ቤቷ የደረሰችው።

ግቢው በር ላይ ሦስት ልጆች ደረጃው ላይ ተደርድረው፣ ጥርስ ማጠቢያ ብሩሻቸውን ይዘው ይጠብቋታል። ዊዳድ፣ ሙሰዓብ፣ ሦስተኛዋ ናዋል። ናዋል የማርያን የልጅ ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት እኔም እኔም ብላ ስታለቅስ፣ ሀሲና በኩራት ብሩሽ ገዝታላት ከልጆቿ ጋር አሰልፋት ነበር። ሀሲና ይህችን ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አላሰበቻትም።

"ዛሬ ማንም ሳይጠራት ቀድማ የተሰለፈችው ናዋል ናት" አለች ማርያን ከውስጥ እየወጣች። "እኔም ለእናቷ፣ ሀሲና የምታደርገውን አድርጊ፣ ያንኑ ሳሙና ግዢላት ብያታለሁ። የአዋሌን ነገር ደግሞ ተይው፤ ዳግመኛ በሬ እንዳይደርስ ልኬበታለሁ። ያንቺን ልጅ የጎዳ የኔን ጎድቷል።"

ሀሲና የሱቅ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ማርያን በሷ ቃል ብቻ የሃያ ዓመት ውሃ ሻጯን አባራላታለች። ናዋል ብሩሿን ከፍ አድርጋ አፏን ከፍታለች። እነዚያ ጥቃቅን ጥርሶች ሥር፣ ድዱ ውስጥ፣ ሌሎች ጥርሶች እየተሠሩ ነው። ሀሲና በዚያች ደቂቃ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር።

"ኤዶ፣ ሳሙናውን አልሰጣቸውም ዛሬ። መጀመሪያ የምነግርዎ አለ።"

ልጆቹን ወደ ውስጥ ላከችና ነገረቻት። ከጉሌድ የሰማችውን ሁሉ፣ ሩዙንም አተሩንም፣ መዋጡንም። ውሃው ንጹሕ እንደሆነ፣ ጥርሱን ያበላሸችው ራሷ እንደሆነች፣ ናዋልም በየማታው ስትውጥ መክረሟን። ማርያን ደረጃው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ሁለት ወር ነው የዋጠችው?"

"ሁለት ወር ነው። ትንሽ ጊዜ ነው፣ አሁን ካቆምን ደህና ትሆናለች ብዬ አስባለሁ። ነገ ራሴ ጉሌድ ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ።"

"ሳታውቂ ነው።"

"ይሄንን ሳላውቅ ነው። ሌላው ግን እያወቅኩ ነው ኤዶ። የጠዋቱ ጠርሙስ ለካውያ አልነበረም። ልጆቼን የቢርካ ውሃ ያጠጧቸዋል ብዬ ለማስመርመር ነው የሰረቅኩዎት። ጀሪካኑ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር፤ ውሃው አልጎድል ሲለኝ ጊዜ..."

"ጠመኔውን አይቼዋለሁ" አለች ማርያን።

ሀሲና ቀና አለች።

"እሑድ ዕለት ነው ያየሁት። ውሃዬን ትሰርቀኛለች ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከጀሪካንሽ የጠጡትን ያህል በየቀኑ ከራሴ ጀሪካን እየቀዳሁ እስከ መስመሩ ስሞላው ከረምኩ። አዋሌ ከሚያመጣልኝ። ጎደለ ብለሽ እንዳትጣዪኝ።"

ሀሲና አልቅሳ ይቅርታ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፣ እንባው ግን አልመጣላትም። ጎንበስ ብላ የማርያንን እጅ ሳመች። ማርያን እጇን አልነጠቀቻትም፤ እንደወትሮዋም ራሷን አልዳበሰቻትም። ለማዘንም ለመተውም ጊዜ እንደሚያስፈልጋት ፊቷ ላይ ይነበባል።

"አዋሌን እኔ አስጠራዋለሁ" አለች ማርያን በመጨረሻ። "ጀማሉዲን ሲመጣ ሁለቱ ወንዶች ተቀምጠው ይነጋገሩ። አገራችን ወጉ እንደዚያ ነው። አንቺ መናገር አይጠበቅብሽም።"

ቀላሉ መንገድ ይህ ነበር። ባሏ ሻይ ይዞ ይቅርታ ይጠይቅላታል፣ አዋሌም ሰው ነው፣ ይተዋል። ነገር ግን ሀሲና ሰውየውን ያዋረደችው ወንዶች ተቀምጠው አይደለም፤ ሴቶች በር በራቸው ላይ ቆመው ነው። ሦስት ጀሪካን ባዶውን የተመለሰው በሷ ጣት ነው። ወንዶቹ ቢታረቁ ጀሪካኖቹ አይመለሱም።

"ጀማሉዲን ሲመጣ የሚገባውን ያድርግ" አለች። "እኔ ግን አሁን ደርሼ ልምጣ።"

ማርያን ወዴት እንደሆነ አልጠየቀቻትም። ሀሲና ሳሙናውን ከመስኮቱ ላይ አንስታ ያዘችና ወጣች። አዋሌ ከከተማው ዳር ነው የሚያድረው፤ ወደዚያ አልሄደችም። ማዕዘኑ ላይ ወዳለው አረንጓዴ በር አቀናች። ለሻምሶ የተነገረ ነገር እስከ ምሽቱ መግሪብ ሶላት ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ስለ ሀሲና ሲሆን ደግሞ እስከ ዋሄን። መንገዱ አጭር ነው። የሶማሊኛ ቃላቱን በልቧ እየደረደረች ሄደች፤ "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚለውን እንዳትስተው ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ሻምሶ በሩን ስትከፍት ዓይኗ ሀሲና እጅ ላይ ያለው ሳሙና ላይ አረፈ፣ ከዚያ ጉጉቷ አሸነፋት።

"ሐኪሙ ምን አለሽ? የአዋሌ ውሃ ነው አይደል?"

"አይደለም" አለች ሀሲና። "ጠዋት በር ላይ የነበሩትን ሴቶች ሁሉ ጥሪልኝና ልንገራችሁ። ልጆቻችሁንም አምጡ።"